ፖለቲካ በሆቢ ግሩፕ፦ የሚሠራው ደንብና የማይሠራው

ግሩፑ የተከፈተው ስለ ካሜራ፣ ስለ ሬዲዮ፣ ስለ አትክልት ወይም ስለ ቼዝ ለመነጋገር ነው። አንድ ምሽት አንድ አባል ዜና ይለጥፋል። ሌላው ይመልስለታል፤ ሦስተኛው ይሰድባል። ጠዋት አስተዳዳሪዎቹ ስልካቸውን ሲከፍቱ ያልተነበበ የመልእክት ክምር፣ ለቀው የወጡ አባላትና «ለምን ዝም አላችሁ?» የሚል ወቀሳ ይጠብቃቸዋል። «ፖለቲካን እንከልክል ወይስ የራሱን ክፍል እንስጠው?» የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ የሚነሣው ያን ጊዜ ነው። ያ ሰዓት ደግሞ ለደንብ ከሁሉ የከፋው ሰዓት ነው። ሁሉም ተቆጥቶ ሳለ የሚወጣ ደንብ በአንዱ ወገን ላይ የተወረወረ ድንጋይ ይመስላል።

ይህ ጽሑፍ እንዲህ ያለ ግሩፕ ለሚያስተዳድሩ ነው። አቋሜን ከመነሻው ላስቀምጥ። ለአብዛኛው የሆቢ ግሩፕ የሚበጀው መከልከል ነው። መከልከል ያለበት ግን ከሆቢው ጋር ያልተያያዘ ክርክር እንጂ «ፖለቲካ» የሚል ስም የተሰጠው ነገር ሁሉ አይደለም። የተለየ ክፍል መክፈት የሚያዋጣው ለዚያ ክፍል ብቻ የተመደቡ፣ ክርክሩን የሚከታተሉ ጠባቂዎች ላሉት ግሩፕ ነው። ጠባቂ የሌለው ክፍል ከነጭራሹ ክፍል ካለመኖሩ ይብሳል፤ ምክንያቱን ወደታች እመጣበታለሁ።

ጉዳቱ ከየት ይመጣል?

ፖለቲካ ሆቢ ግሩፕን የሚጎዳው ሰዎች ስለማይስማሙ አይደለም። ፎቶ አንሺዎች ስለ ሌንስ፣ ቼዝ ተጫዋቾች ስለ አንድ የመክፈቻ ስልት ለዓመታት ሲከራከሩ ይኖራሉ፤ ግሩፑ በዚያ አይፈርስም፣ እንዲያውም ይደምቃል። የሌንስ ክርክር በፈተና ያልቃል፤ አንዱ በሁለቱም ሌንስ ፎቶ አንሥቶ ያሳያል፣ ነገሩ ይቋጫል። የፖለቲካ ክርክር ግን ግሩፑ ውስጥ የሚቋጭበት ማስረጃ የለውም። የሚያበቃው አንዱ ሲደክመው ወይም ሲወጣ ነው።

ሁለተኛው ጉዳት መልእክቱ ከሚወርድበት መንገድ ይመጣል። እንደ ቴሌግራም ባለው ተራ ግሩፕ ሁሉም መልእክት በአንድ መስመር ይፈስሳል። ጀማሪው «የድሮኔ ባትሪ አበጠ፤ ቻርጅ ላድርገው?» ብሎ ሲጠይቅ ስልሳ የክርክር መልእክት ከተከመረበት ጥያቄውን ማንም አያየውም። ያበጠ የሊቲየም ባትሪ ቻርጅ ሲደረግ ሊቀጣጠል ይችላል፤ መልሱ ለነገ የሚቆይ አይደለም።

ሦስተኛው ጉዳት ዘግይቶ ይታያል። ብዙ የሚያውቁት አባላት ሳይናገሩ ይወጣሉ። እነሱ ሌላ የሚሄዱበት ቦታ አያጡም፤ ተከራካሪዎቹ ግን ይቀራሉ። ቁጥሩ ብዙም ሳይቀንስ መልስ ሰጪ የሌለበት ግሩፕ የሚፈጠረው እንዲህ ነው። በዚያ ላይ ሆቢ የሚኖረው በመተማመን ነው። ያገለገለ ዕቃ የሚገዛው፣ ስለ ኤሌክትሪክ ወይም ስለ ኬሚካል የሚሰጠው ምክር የሚሰማው ሰውየው ስለሚታመን ነው። ትናንት «ጠላት» የተባለ ሰው ዛሬ «ያንን ሽቦ አትንካው» ቢል ምክሩ ሚዛን አይደፋም።

ችግሩ አዲስ አይደለም (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። በ1980 የተጀመረው፣ ኮምፒውተሮች መልእክት የሚቀባበሉበት የውይይት መረብ የሆነው ዩዝኔት በ1987 ርእሶቹን እንደ አዲስ ሲያደራጅ መዝናኛንና ሆቢን «ሬክ» በሚል፣ ክርክርን ደግሞ «ቶክ» በሚል ዘርፍ ለይቶ አስቀመጠ። ክርክሩን መሸከም ያልፈለገ የኮምፒውተር ማእከል «ቶክ»ን ትቶ ሌላውን መቀበል ይችል ነበር። አሜሪካዊው ጠበቃ ማይክ ጎድዊን በ1990 የታዘበውም ከዚያው ዓለም የወጣ ነው፤ ክርክር በረዘመ ቁጥር አንዱ ሌላውን ከሂትለር ወይም ከናዚዎች ጋር ማመሳሰሉ እርግጠኛ እየሆነ ይሄዳል። ከኢንተርኔት በፊትም የአማተር ሬዲዮ ሰዎች (በፈቃድ፣ ለሆቢ በሬዲዮ የሚገናኙ) ፖለቲካንና ሃይማኖትን በአየር ላይ ያለማንሣት ልማድ ነበራቸው። የዓለም አቀፉ ቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት የሬዲዮ ደንብ አንቀጽ 25ም በተለያዩ አገሮች ባሉ አማተር ጣቢያዎች መካከል የሚደረገው ግንኙነት ለአገልግሎቱ ዓላማ በሚያስፈልገውና በግል ጉዳይ በሚነገረው እንዲወሰን ያዛል። ድንበር ተሻግሮ የሚያወራ ሰው ስለ አንቴናው፣ ስለ አየሩ ጠባይ፣ ስለ ጤናው ያወራል። ይህ ልማድ የጸናው የሬዲዮ ሰዎች አቋም የሌላቸው ሆነው አይደለም፤ ከእነሱ መካከል ፈቃዱን ማጣት የሚፈልግ የለም።

«ፖለቲካ ክልክል ነው» የሚለው ደንብ ለምን ይወድቃል?

ሦስት ቃል ስለሆነ ግልጽ ይመስላል፤ በሥራ ላይ ሲውል ግን ይፈርሳል። ድሮን የሚያበር ሰው በአሜሪካ 250 ግራምና ከዚያ በላይ የሚመዝን ድሮን ለመዝናኛም ቢሆን መመዝገብ እንዳለበት ማወቅ ያስፈልገዋል፤ 249 ግራም የሚመዝኑ ሞዴሎች የበዙትም በዚሁ ምክንያት ነው። ኦርኪድ የሚሰበስብ ሰው ከ1975 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለውን፣ ለመጥፋት የተጋለጡ ዝርያዎችን ንግድ የሚቆጣጠረውን ሳይቴስ የተባለ ስምምነት ሳያውቅ ተክል ድንበር ሊያሻግር አይችልም፤ የኦርኪድ ቤተሰብ በሙሉ በዝርዝሩ ውስጥ ነው። የአሜሪካ ኦርኒቶሎጂ ማኅበር በኅዳር 2023 በሰው ስም የተጠሩ ወፎችን የእንግሊዝኛ ስም ለመቀየር መወሰኑን ሲያሳውቅ፣ ወፍ ተመልካቾች ስለ ወፍ ሳይሆን ስለ ታሪክ ሲከራከሩ ሰነበቱ፤ ያም ሆኖ በየመዝገባቸው የሚጽፉት ስም ነውና ጉዳዩ የእነሱ ነው። በጀርመን የናዚ ምልክትን በአደባባይ ማሳየት በወንጀል ሕግ ስለሚያስጠይቅ የ2ኛው የዓለም ጦርነት አውሮፕላን ሞዴል የሚሸጡ ብዙ አምራቾች ምልክቱን ከተለጣፊው ያወጡታል። ሞዴል ሠሪ ስለዚህ ቢጠይቅ ፖለቲካ ነው ተብሎ ይጥፋበት?

ቃሉን ብቻ የያዘ ደንብ ይህን ሁሉ ያጠፋል ወይም አስተዳዳሪው እንደ ስሜቱ እየመረጠ ያጠፋል። ሁለተኛው ይከፋል። ሰው የራሱን አመለካከት ፖለቲካ ብሎ አይጠራም፤ «እውነት» ይለዋል። ስለዚህ ከአስተዳዳሪው ጋር የሚስማማው መልእክት «ተራ አስተያየት» ሆኖ ሲቀር የሚቃረነው «ፖለቲካ» ሆኖ ይጠፋል። አባላት ይህን ለማየት ሁለት ሳምንት አይፈጅባቸውም።

የሚሠራው መመዘኛ ትስስር ነው። ከመልእክቱ የመሪውን፣ የፓርቲውንና የሕዝቡን ስም አውጡት። ከዚያ በኋላ አንድ የሆቢው ሰው እጁ ላይ ባለው ሥራ የሚጠቀምበት ነገር ቀረ? ከቀረ ይቆያል፤ ካልቀረ ይነሣል። «250 ግራም የሚያልፈውን ልሽጠው ወይስ ላስመዝግበው?» ይቆያል። «ይህን ሕግ ያወጡት እነማን እንደሆኑ እናውቃለን» ይነሣል፤ ስሙ ሲወጣ ምንም አይቀርምና። መሐል ላይ የሚቀመጡም አሉ። «ይህ ረቂቅ ሕግ ሆቢያችንን ያጠፋዋል፤ አቤቱታ እንፈርም» የሚለው ለእኔ ይቆያል፤ ግን ሁለት ግዴታ ይኑርበት። አስቀድሞ ለአስተዳዳሪ ይታይ፣ በአንድ መልእክት ብቻ ይለጠፍ። ክርክሩ ስለ አንቀጹ ከሆነ ይቀጥላል፤ ስለ አውጪዎቹ ሲሆን ይቆማል።

በካርታ ሥራ ይህን በደንብ የተወጣ ምሳሌ አለ። በ2004 የተጀመረው ኦፕንስትሪትማፕ አባላቱ ካርታ የሚሠሩ በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ የአወዛጋቢ ድንበሮችን ጉዳይ ሊሸሹት አይችሉም። ያበጁት መመዘኛ «ድንበሩ የማን መሆን አለበት?» የሚል አይደለም፤ «አሁን መሬቱ ላይ የሚቆጣጠረው ማን ነው?» የሚል ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ ማለቂያ የለውም፤ ሁለተኛው ግን ሄዶ በማየት ይመለሳል። ለራሳችሁም ሆቢ እንዲህ ያለውን ጥያቄ ፈልጉ፤ ጠብን ወደሚረጋገጥ ነገር የሚቀይር ጥያቄ።

ደንቡን ስትጽፉ ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ይበቃል፦

«በዚህ ግሩፕ የሚነሣ ሐሳብ ሁሉ ከድሮን በረራ ጋር የተያያዘ ይሁን። ሕግ፣ ፈቃድ፣ ቀረጥና እገዳ በሥራችን ላይ የሚያመጡትን ለውጥ መወያየት ይቻላል። ሕጉን ያወጣውን ፓርቲ፣ መሪ ወይም ሕዝብ መደገፍም ሆነ መንቀፍ አይቻልም። ሰውን በዘሩ፣ በሃይማኖቱ፣ በቋንቋው፣ በጾታው ወይም በትውልዱ ማንቋሸሽ እንደ ፖለቲካ አይታይም፤ ያለ ማስጠንቀቂያ ያስወጣል። ደንቡ ለስም፣ ለፕሮፋይል ፎቶ፣ ለስቲከርና ከሌላ ቦታ ለሚተላለፍ መልእክትም ይሠራል። በውሳኔ ያልተስማማ አባል ለአስተዳዳሪዎች በግል ይጻፍ፤ ውሳኔውን ያልሰጠ ሌላ አስተዳዳሪ በ48 ሰዓት ውስጥ ይመልስለታል።»

መደገፍም ሆነ መንቀፍ የሚለውን አትተዉት። ነቀፋን ብቻ የሚከለክል ደንብ ድጋፍን ይፈቅዳል፤ ድጋፍ ደግሞ ነቀፋን ይጠራል። ስለ ፕሮፋይል ፎቶና ስለ ስም የተጻፈውም ያስፈልጋል፤ ከጽሑፍ የተከለከለ ሰው ቀጥሎ ባንዲራ ወይም የመሪ ምስል ስሙ አጠገብ ያደርጋል፣ ከዚያ ስለ ሌንስ በጻፈ ቁጥር ሌሎቹ ለጽሑፉ ሳይሆን ለምስሉ ይመልሳሉ። ይግባኙን ሌላ ሰው ይየው የሚለው ደግሞ አስተዳዳሪውን ራሱን ይጠብቀዋል።

ስድብ ፖለቲካ አይደለም

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ መቆም እፈልጋለሁ፤ ብዙ ግሩፕ የሚበድለው እዚህ ነውና። አንዱ አባል ስለ አንድ ሕዝብ የሚያዋርድ ቀልድ ይለጥፋል። ከዚያ ሕዝብ የሆነው ሌላው አባል «ይህ እኔን ይነካኛል፤ አንሡልኝ» ይላል። አስተዳዳሪው ይመጣና «ፖለቲካ ይቁም!» ብሎ ሁለቱንም ያጠፋል፤ አንዳንዴ እንዲያውም ቀልዱ ቀደም ብሎ ስለተለጠፈ ከላይ ይቀራል፣ አቤቱታው ብቻ ይጠፋል። ለአስተዳዳሪው ሁለቱን እኩል ያየ ይመስለዋል። የተሰደበው ግን ስድቡ ሆቢ፣ ሕመሙ ፖለቲካ እንደተባለበት ይረዳል። እሱ ይወጣል፤ ከእሱ ጋር ዝም ብለው የተመለከቱት ይወጣሉ።

ስለዚህ ነገርን ከሥሩ ነው። ሁልጊዜ መጀመሪያ የተለጠፈው ምን እንደሆነ ወደ ላይ ወጥታችሁ አንብቡ። መነሻው ሰውን በማንነቱ የሚያዋርድ ከሆነ እሱ ይጥፋ፣ ጸሐፊው ይጠየቅ፤ አቤት ያለው ሰው መልእክቱ ቢጠፋም (ጠቡ እንዳይቀጥል መጥፋቱ ግድ ሊሆን ይችላል) በግል ምክንያቱ ይነገረው። «የእርስዎ መልእክት የተነሣው የሚመልስለት ጽሑፍ ስለጠፋ ነው፤ እርስዎ ደንብ አልጣሱም» የምትል አንዲት መስመር የምታተርፈው ብዙ ነው።

ከዚሁ የሚያያዝ ሌላ መንገድ አለ፤ ግሩፑ ራሱ በግልጽ አቋም ሊወስድ ይችላል። የሹራብና የክር ሥራ ሰዎች የሚሰባሰቡበት ራቬልሪ በሰኔ 2019 ለዶናልድ ትራምፕና ለአስተዳደራቸው የሚሰጥ ድጋፍን በገጹ ላይ ከለከለ፤ ለዚህም መነሻ ያደረገው የሚና ጨዋታ (ገጸ ባሕርይ ሆነው የሚጫወቱት ጨዋታ) ተጫዋቾች መሰብሰቢያ የሆነው አርፒጂ ኔት በ2018 ያወጣውን ተመሳሳይ ደንብ ነበር። በውሳኔው መስማማትና አለመስማማት የየሰው ነው። ግሩፕ የሚመራ ሰው ሊያየው የሚገባው ግን አጻጻፉን ነው። የተከለከለው በገጹ ላይ የሚለጠፈው ድጋፍ እንጂ የአባሉ የምርጫ ድምፅ አለመሆኑን፣ ወግ አጥባቂ አመለካከት በሙሉ እንዳልተከለከለ፣ ሐሳባቸውን ያልገለጹ አባላትን መተንኮስም እንደማይፈቀድ አብሮ ጽፏል። ይህን መንገድ የሚመርጥ ግሩፕ ቢያንስ እነዚህን ሦስት ነገሮች መጻፍ አለበት፤ አለበለዚያ አባላት እርስ በርስ መመርመር ይጀምራሉ። እኔ ለትንሽ ግሩፕ አልመክረውም። ሆኖም አቋሙን በአደባባይ የጻፈ ግሩፕ፣ «ገለልተኛ ነን» እያለ አንዱን ወገን ብቻ በድብቅ ከሚያጠፋው ይልቅ ለአባላቱ የታመነ ነው።

የተለየ ክፍል

«ፖለቲካቸውን እዚያ ያራግፉ» የሚለው ሐሳብ ክፍሉን እንደ ቆሻሻ መጣያ ያየዋል። ክፍሉ ግን መጣያ አይሆንም፤ የግሩፑ በጣም የሚጮኸው ክፍል ይሆናል። ከዚያ ስለ ሆቢው ደንታ የሌላቸው ሰዎች ለክርክሩ ሲሉ ይገባሉ። እዚያ የተጀመረው ቂም በማግሥቱ «ይህ ሰው ስለ አንቴና ደግሞ ምን ያውቃል?» ሆኖ ወደ ዋናው ክፍል ይመለሳል። ጠባቂ የሌለው ክፍል ክፍል ካለመኖሩ ይብሳል ያልኩት ለዚህ ነው፤ አልፎ አልፎ ይነሣ የነበረውን ጠብ የዕለት ተዕለት ያደርገዋል።

አሁንም መክፈት ከፈለጋችሁ ቢያንስ ሦስት ጠባቂ መድቡ። ሦስት የሆነው አንዱ ተኝቶ ሊሆን ስለሚችል፣ ሌላው ክርክሩ ውስጥ ገብቶ ሊሆን ስለሚችል፣ የሚወስን አንድ ሰው መቅረት ስላለበት ነው። ሦስቱም አንድ ዓይነት አመለካከት ያላቸው ከሆኑ ግን አንድ ጠባቂ እንዳላችሁ ቁጠሩት። መግቢያው በጥያቄ ይሁን፤ ለአዲስ አባል በራሱ አይከፈት። በየርእሱ የተከፋፈለው የውይይት ድረ ገጽ ሬዲት በ2013 የፖለቲካ ክፍሉን ለማንኛውም ጎብኚ በራሳቸው ከሚታዩት ክፍሎች ዝርዝር አወጣው፤ አልዘጋውም፤ የፈለገ ፈልጎ ይገባበታል። ከዚያ በላይ ለመሄድ፣ ግሩፑ ውስጥ 30 ቀን ያልቆየና ስለ ሆቢው ምንም ያልጻፈ ሰው እንዳይገባ አድርጉ። ለክርክር ብቻ የመጣውን የሚመልሰው ይህ መጠበቂያ ነው።

በክፍሉ ውስጥ ስሎው ሞድ (አንድ አባል ከአንድ መልእክት በኋላ ሌላ ለመጻፍ የሚጠብቀው ጊዜ) 5 ደቂቃ ላይ ይቀመጥ። ቴሌግራም ከሰከንዶች እስከ 1 ሰዓት፣ ዲስኮርድ እስከ 6 ሰዓት ይፈቅዳል። አምስት ደቂቃ ለሚያስብ ሰው ምንም አይደለም፤ በንዴት አስር አጫጭር መልእክት ለሚደረድር ግን ከባድ ነው። ቪዲዮ፣ ፎቶና ከሌላ ቻናል የተላለፈ መልእክት ይከልከል፤ ሰው በራሱ ቃል ይጻፍ። ያልጻፈውን ያስተላለፈ ሰው ስትጠይቁት «እኔ አላልኩም፤ እንዲህ እየተባለ ነው» ይላችኋል፣ ተጠያቂም አይኖርም።

የመድረኩ አሠራርም ልዩነት ያመጣል። ዲስኮርድ ላይ ክፍሉን አንድ ሚና (ሮል) ለተሰጣቸው አባላት ብቻ ማሳየት ስለሚቻል ያልጠየቀ አባል መኖሩን እንኳ አያይም። ቴሌግራም ላይ አንዱን ግሩፕ በርእስ መከፋፈል ይቻላል፤ ነገር ግን የመጻፍ ፈቃድ የሚሰጠው ለግሩፑ በሙሉ እንጂ በየርእሱ ስላልሆነ፣ ከፖለቲካው ርእስ ብቻ አንድን ሰው ማገድ አይቻልም። ስለዚህ እዚያ የተሻለው ሌላ ግሩፕ ከፍቶ መግቢያውን በጥያቄ ማድረግ ነው። ስሙም ከሆቢው ስም ይለይ። ሁለተኛው ግሩፕ ቢበላሽ የመጀመሪያውን ስም ይዞ አይወድቅም።

አንድ ነገር ቀላል አድርጋችሁ እንዳታዩት። አባላቶቻችሁ በተለያዩ ሕጎች ሥር ይኖራሉ። በአንዱ ዘንድ ተራ የሆነ ቃል በሌላው ዘንድ ሥራ ሊያሳጣ ወይም ሊያሳስር ይችላል፤ ስክሪንሾት ደግሞ በር የለውም። በክፍሉ መግቢያ ላይ «እዚህ የሚጻፍ ሁሉ ወደ ውጭ ሊወጣ እንደሚችል ቆጥራችሁ ጻፉ» ብላችሁ ፒን አድርጉ። አባላት ስልክ ቁጥራቸው ለማንም እንዳይታይ እንዲያስተካክሉ ምከሩ፤ በቴሌግራም የአባላቱን ዝርዝር መደበቅ ከተቻለ ደብቁት። ይህን ኃላፊነት መሸከም የማትችሉ ከሆነ ክፍሉን አትክፈቱ። ለዚህ ማንም ሊወቅሳችሁ አይገባም።

ጠቡ ሲነሣ

ሳይቃጠል በቅጠል ነው። በመጀመሪያው አሥር ደቂቃ አንዲት «ይህ ከርእሳችን ውጭ ነው፤ እዚህ ላይ እናቁም» የምትል መልእክት የምትሠራውን ከሁለት ሰዓት በኋላ አሥር ሰው ማገድ አይሠራውም። ያቺ መልእክት በግሩፑ ስም ትውጣ። ቴሌግራም አስተዳዳሪ ስሙን ደብቆ በግሩፑ ስም እንዲጽፍ ይፈቅዳል፤ ቁጣው ሰው ላይ እንዳያርፍ ይረዳል።

ካልቆመ ስሎው ሞዱን 15 ደቂቃ ላይ አድርጉት፤ ግሩፑን ከመዝጋት ይሻላል፣ የባትሪ ጥያቄ ያለው ሰው አሁንም መጠየቅ ይችላልና። ከማጥፋታችሁ በፊት ስክሪንሾት ያዙ። ይህን የሚዘሉት ብዙ ናቸው፤ በኋላም ይጸጸታሉ። በቴሌግራም ግሩፕ የተላከ መልእክት ለ48 ሰዓት ሊስተካከል ይችላል፤ የሰደበው ሰው ቃሉን ቀይሮ «እኔ ምን አልኩ?» ሊል ይችላል። የአስተዳዳሪዎች የድርጊት መዝገብም የሚያሳየው የ48 ሰዓቱን ብቻ ነው። ከዚያ የክርክሩን ዘለላ በሙሉ አጥፉ፤ የአንዱን መልስ ብቻ አስቀርታችሁ ብትሄዱ የመጨረሻው ቃል የእሱ ሆኖ ይቀራል። በቦታው ሁለት መስመር ተዉ፦ «ከርእስ የወጣ ክርክር ተሠርዟል። የተሠረዘው በደንብ ቁጥር 2 ነው።» ምንም ሳይባል የሚጠፋ መልእክት ወሬ ይወልዳል።

ክርክሩ ውስጥ የገባ አስተዳዳሪ አያጥፋ፤ ሌላውን ይጥራ። ቅጣቱም አስቀድሞ የተጻፈ ደረጃ ይኑረው፦ መጀመሪያ በግል ማሳሰቢያ፣ ቀጥሎ ለ24 ሰዓት፣ ለ7 ቀን፣ ለ30 ቀን ከመጻፍ ማገድ፣ በመጨረሻ ማስወጣት። ከስድስት ወር በፊት የተሰጠ ማሳሰቢያ ከተሠረዘ ሰው የሚመለስበት መንገድ ያገኛል። በግል ስትጽፉ ስለ ሰውየው ሳይሆን ስለ መልእክቱ ጻፉ፦ «ጤና ይስጥልን። ትናንት ማታ ስለ ምርጫው የጻፉት መልእክት ከግሩፑ ርእስ ውጭ ስለሆነ አንሥተነዋል። ስለ አንቴና መቃኛ የጻፉት እንዳለ አለ፤ ሁለት ሰዎችም መልስ እየጠበቁ ነው።» የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ሰውየው የሚፈለገው ለምን እንደሆነ ትነግረዋለች። አክብሮቱንም በዚያው ይረዳዋል።

ቦት (መልእክትን በራሱ የሚያጣራ ፕሮግራም) ላይ ብዙ ተስፋ አትጣሉ። የቃል ማጣሪያ በአማርኛ ደካማ ነው። «መንግሥት» በ«ሥ»ም በ«ስ»ም ይጻፋል፤ «የመንግሥት»፣ «ለመንግሥቱ»፣ «ከነመንግሥታቸው» ሲሆን ሙሉ ቃል ብቻ የሚፈልግ ማጣሪያ ያልፈዋል። የቃል ክፍልን እንዲፈልግ ብታደርጉት ደግሞ ምንም ያላጠፋውን ይይዛል፤ በላቲን ፊደል የሚጽፈውን ግን አሁንም አያየውም። ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ ሲጨመሩ የአንድ ቃል አጻጻፍ ዝርዝር ይረዝማል። ስለዚህ ማጣሪያው አያጥፋ፤ ለአስተዳዳሪዎች ብቻ ያሳውቅ። ከማጣሪያ ይልቅ በሩ ላይ መሥራት ያዋጣል። ፌስቡክ ግሩፕ ላይ አዲስ ገቢን እስከ 3 ጥያቄ መጠየቅ ይቻላል፤ አንዱ ጥያቄ ሆቢውን የሚያውቅ ወይም መጀመር የሚፈልግ ሰው ብቻ የሚመልሰው ይሁን፦ «በምን ትጀምራለህ? ምን መሣሪያ አለህ?»

ትልቅ ነገር ሲደርስ

ጦርነት፣ ምርጫ፣ የብዙ ሰው ሞት። አባላቱ ሐዘን ላይ ሆነው ግሩፑ ስለ ሌንስ ብቻ ቢያወራ ደንቡ ጭካኔ ይመስላቸዋል፤ ሊወቀሱም አይችሉም። ለዚህ ጊዜ አስቀድማችሁ አንድ ልዩ ፈቃድ አዘጋጁ። አንድ መልእክት ተከፍቶ 72 ሰዓት ይቆይ፤ ሥሩ «ደህና ናችሁ?» ማለት፣ ማጽናናት፣ እርዳታ ማሳወቅ ይቻላል። ማን ጥፋተኛ ነው የሚለው አይቻልም። ሰዓቱ ሲያልቅ ይቆለፍ እንጂ አይጥፋ፤ ሰው ሐዘኑን የጻፈበት ነገር ሲጠፋ ደግሞ ያማል። ለምርጫ ከሳምንት በፊት ደንቡን አንድ ጊዜ አስታውሱ፤ በምርጫው ማግሥት የሚወጣ ማስታወሻ በተሸናፊው ላይ የተደረገ ይመስላልና።

ያለ ደንብ የቆየ ግሩፕ ውስጥ አዲስ ደንብ የምታስገቡ ከሆነ ጠቡ በርዶ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ይለፍ። ረቂቁን ለጥፉ፣ ለ14 ቀን አስተያየት ተቀበሉ፣ የሚጀምርበትን ቀን ጻፉ። ድምፅ አታሰጡበት፤ ድምፅ ሲሰጥ የሚቆጠረው ደንቡ ሳይሆን ወገኑ ነው። ወደ ኋላ ተመልሳችሁም አትቅጡ። ከዚያ ለሦስት ወር ሁለት ነገር ብቻ ቁጠሩ፦ በ24 ሰዓት ውስጥ መልስ ያገኙ የሆቢ ጥያቄዎች ስንት ናቸው፣ ዘወትር መልስ ይሰጡ ከነበሩት መካከል ስንቱ አሁንም ይጽፋሉ። የአባላት ቁጥር ቢቀንስም እነዚህ ሁለቱ ካደጉ ደንቡ ሠርቷል።

የተለየውን ክፍል ከከፈታችሁ ደግሞ ለ60 ቀን ሙከራ ብላችሁ ክፈቱት፤ ማብቂያው ቀን መግቢያው ላይ ይጻፍ። ያን ጊዜ መዝጋት ካስፈለገ ማንም እንደተቀጣ አይሰማውም። ስትዘጉት ከሳምንት በፊት አሳውቁ፣ መጻፍን ዝጉ፣ የጻፈውን ማውጣት ወይም ማጥፋት የሚፈልግ አባል እንዲችል ለ30 ቀን ለንባብ ተዉት፤ ከዚያ ሙሉ በሙሉ አጥፉት።